ደፉ

የኪልዳርግ ቤተ ክርስቲያን ቁልፍ ከኤፊ ጊልክራይስት ዘንድ ነው፣
ከወፍጮው ድልድይ ማዶ፣ በሩ ሰማያዊ የሆነው፤
ስንዝር ተኩል ብረት ነው፣ ዝገት የበላው፣
ከድንች ጆንያ በላይ በሚስማር የሰቀለችው።

ሰማንያ አንድ ዓመቷ፤ ጉልበቷ ሲታጠፍ ይጮኻል፣
ዝናቡም እንደ ልማዱ ከላይ ሳይሆን ከጎን ይመጣል።
እኔ ቦይ ቆፋሪ ነኝ፤ አካፋዬን ይዤ ከኋላዋ፣
ሬሳ የማይረግጥ፣ ሣር የማይረግጥ እርምጃዋ።

ቤቱ ጣራ የለውም። ጣራው ሰማይ ከሆነ
ሁለት መቶ ዓመት አለፈው፤ ቁራው እዚያው ወለደ፣ አረጀ፣ መነነ።
ቀይ የአሸዋ ድንጋይ፣ ሲርስ ጉበት የሚመስል፣
ጠርዙን ነፋስ የላሰው፣ በጥፍር የሚፋቅ እንደ ከሰል።

ቅስቱ ግን አለ። ከመቅደሱ አፍ ላይ በግማሽ ክብ ቆሞ፣
ረድፍ በረድፍ ጥርሱን፣ የመጋዝ ስለት ተሸክሞ።
ስምንት መቶ ዓመት ሲያዛጋ አንድም ሰው አልዋጠ፤
ይልቅ እሱን ዋጠው ዘመን፣ እየተለዋወጠ።

የጠራቢውን ስም ማንም አልጻፈም፤ ኤፊ «ጊልብራይድ» ትለዋለች፤
«ስም የሌለው እጅ ያስፈራኛል» ትላለች።
ምልክቱ ግን ይኸውና፣ ከምሰሶው እግር ጎን፣
የዓሣ አጥንት የመሰለ ጭረት፤ የቀን ደሞዙን
ሲቀበል የሚያስቆጥርበት፣ ድንጋይ በድንጋይ፣ ሳንቲም በሳንቲም።
ጸሎት አይደለም ያ ጭረት።
ከጸሎት ግን አያንስም።

ከዚያ የተሐድሶው ዓመት መጣ። ሥዕሉ በኖራ ተለቀለቀ፣
ቅዱሳኑ ታወሩ፣ መቅረዙ ቀልጦ አለቀ፤
ላቲኑ ዝም አለ፤ ስብከት ሆነ፣ በሀገር ቋንቋ፣ ረጅም፣
አሸዋው ሁለቴ እስኪገለበጥ ወገብ የሚያደክም።

መንበሩንም አወረዱት። ሽማግሌዎቹ ግንበኛውን፣ ኒኒያን ፔትሪን፣
«ሰባብረህ ወንዝ ጣልልን» ብለው አዘዙት ድንጋዩን።
እሱ ወጪ ቆጠረ። «ድንጋይ ውድ ነው» አለ፣ «ለደፍ ይሁን፣
ገቢ ወጪው ይርገጠው፣ ይጥረግበት ጭቃውን።»
ደስ አላቸው። መረገጥ ከመሰበር ይብሳልና።
ገለበጠው፤ ፊቱን ለአፈር፣ ጀርባውን ለእግር፤ በኖራ አጣብቆ አቀና።

በዚያ ደፍ ላይ ነው ግሪዘል ኦክተርሎኒ የቆመችው፣
የበሩ ግንብ ሰንሰለት አንገቷን በብረት የያዘው፤
ሦስት ሰንበት ሙሉ፣ ሕዝቡ ሲገባ እያያት።
ሱፍ ባዘተች በሰንበት፤ ልጇ ብርድ ልብስ አጥቶባት።
መዝገቡ የልጁን ሳል አልጻፈም፤ የጻፈው ስሟን ነው ከነአባቷ፣
ከነስድስት ሽልንግ ቅጣቷ።
ተረከዟ ሥር ምን እንዳለ እሷ አላወቀችም፤
እነሱም ምን ላይ እንዳቆሟት አላወቁም።

ባለፈው ጥቅምት፣ ቦዩ ሲቆፈር፣ ደፉ ተነሣ።
ሁለት ጎረምሶችና እኔ ነን፣ በብረት ዘንግ፣ በወገብ አበሳ፤
ስንገለብጠው፣
አምስት መስቀል።
አራቱ በማዕዘን፣ አንዱ በመሃል፣
የመሮው ጭረት የትናንት ማታ ይመስላል።
ቅስቱን ነፋስ ልሶታል፣ ጣራውን ዘመን ነጥቆታል፤
ይህን ግን፣ የተዋረደውን፣ አፈር ጠብቆታል።
ከጥጉም የዓሣ አጥንት።
ኤፊ ተንበረከከች፣ ያ ጉልበቷ እየጮኸ፣ ጣቷን አሳረፈችበት።

ሰሙ ደፍ፣ ወርቁ መንበር።
ኒኒያን ቅኔ አያውቅም፤ እሱ የሚያውቀው ኖራ ከአሸዋ መቀየጥ ነበር።
«አውቆ ደብቆት ነው» ብላት ኤፊ ሳቀች፤
«ስስታም ነበር» አለችኝ። «ስስትም አንዳንዴ ታድናለች።»

ከከተማው ሙዚየም መኪና መጣ፤ ጭነው ወሰዱት፤
ከመስታወት ሥር፣ ከመብራት ሥር፣ ቁጥር ሰጥተው አኖሩት።
በቦታው ሲሚንቶ ሞላሁ፣ በገዛ እጄ፣ ሁለት ባልዲ፤
አሁን ኤፊ ስትገባ ቆማ ታየዋለች መንገዱን እንደ እንግዳ፣ እንደ ወራዳ፣ እንደ ሐጂ።
«ሲሚንቶ ነው እኮ» አልኳት።
«አውቃለሁ። እግሬ ነው ያላወቀው» አለችኝ፣ የግሪዘልን ሰንሰለት
በግራ እጇ ጨብጣ፣ እንደ ደረጃ መደገፊያ፣
ከፍ አድርጋ እግሯን አሻገረች፣ ሳትነካው፣ ወደዚያ።