የፍሬን ሸራ

ድሬዳዋ በግንቦት ቤት ውስጥ አይተኛም፤
ግቢው አንድ አልጋ ነው፣ ምስጢር የሚባል የለም።
የማን ልጅ እንዳለቀሰ፣ ማን እንዳንኮራፋ
ሲነጋ ይወራል፣ ለውኃ ቆመን በወረፋ።

እኔን ግን ማንም ሰው ደፍሮ አልነገረኝም፣
በሌሊት የማደርገውን እኔም አላውቀውም፤
አንድ ጠዋት ረምላ፣ ጄሪካን ይዛ ቆማ፣
"እትዬ፣ ትናንትም የባቡሩ ድምፅ ተሰማ፣
ባንቺ አልጋ በኩል።"
                              ሳቀ ሰልፉ ሁሉ።
እኔም አብሬ ሳቅኩ። ጥርስ ባዳ ነው ይላሉ።

ባዳ ነው፤ እውነት ነው። ከሁለት ሰዓት ጀምሮ
ከዚራ፣ ባንክ መስኮት ላይ፣ ይስቃል ተቀጥሮ።
"ብሬን ቆረጣችሁ" ላለኝ ነጋዴ ይስቃል፤
ኔትወርክ ጠፋ ስለው ለሚሰድበኝ ይስቃል፤
አቶ ሽታሁን ከኋላ መጥቶ፣
"የኛ ፀሐይ" ብሎ፣
እጁን ትከሻዬ ላይ ረስቶት ሲቆም፣
ይስቃል።
ማታ ግን፣ ባዳው ሲሄድ፣ ባለቤቱ ይመጣል፤
ሳላኝክ የዋጥኩትን መልሶ ያኝካል።

አቶ ዩያ ናቸው ሕመሙን ያወቁት፣
ሠላሳ አንድ ዓመት የባቡር ፍሬን የጠበቁት።
ጡረታ ወጥተዋል፣ ሐዲዱም ዛገ፤
ጆሯቸው ግን ያድራል ድምፅ እየፈለገ።
"ይሄ የሸራ ማለቅ ነው፣" አሉኝ፣ "ልንገርሽ፣ ልጄ።
ብረት ለብቻው ከብረት ጋር ከገጠመ
አንዱ አንዱን ይበላል፣ መሐል ካልቆመ
ለሁለቱም ብሎ የሚያልቅ አንድ ነገር።
እኛ በየሁለት ወሩ ነበር የምንቀይር።
ለባቡር መለዋወጫው ከጅቡቲ ይመጣል፤
ጥርስ ከየት ይመጣል?"

ሳቢያን፣ ዶክተር ሂርሲ። ባትሪውን አበራና
አየ፤ ዝም አለ፤ አየ እንደገና።
"የክራንቻሽ ጫፍ የለም። ማን በላው?" ሲለኝ
አፌ ተከፍቷልና መልስ መስጠት አቃተኝ።
ሮዝ ሊጥ አጎረሰኝ። "ንከሺ። በኃይል።"

እናቴም፣ አክስቴም፣ ሥራ ያስገባኝም
"ጥርስሽን ነክሰሽ ቻይው" ያላለኝ ሰው የለም፤
የነከስኩትን ማኖሪያ ግን ሰጥቶኝ አያውቅም
አንድም ሰው፣
እስከዚያ ሊጥ።

በሳምንቱ ደረሰ፤ እንደ ፈረስ ኮቴ የታጠፈ፣
ከወር ደመወዜ ግማሹን የገፈፈ።
"በሙቅ ውኃ አትጠቢው፣ ይጣመማል፣" አለ፤
ድሬ ላይ፣ ዶክተር? ቧንቧችን መች ቀዝቃዛ አለ!
እነረምላ ፍሪጅ ውስጥ፣ ከሎሚ መሐል
በሰማያዊ ሳጥን ቀን ቀን ይተኛል፤
ረምላ ስም አውጥታ "ለገሃር" ትለዋለች።

የመጀመሪያው ሌሊት እንደ ሕፃን ለሃጬን አዝረከረክሁ፤
በሁለተኛው ሌሊት ተፍቼ ወረወርሁ፤
በሦስተኛው ሌሊት ግቢው ጸጥ አለ።
አቶ ዩያ ጠዋት ዓይናቸው የቀላ መሰለ፤
"ባቡሩ ቀረ'ኮ፣" አሉኝ፣ ቅር እያላቸው።

በኅዳር ዶክተሩ ወደ መስኮት አነሣው፣
በብርሃን አሳየኝ፣ ያንን ሁሉ ጠባሳ።
"ይሄ ሁሉ ጥርስሽ ላይ ነበር የሚያርፈው፣" አለ።
እኔ ግን አነበብኩት። በስተግራ ጥልቁ
የሰኔ ሠላሳ ሂሳብ ነው፤ ስድስት ብር ጎድሎ ያደርንበት፤
ከፊት ያለው ጭረት እናቴ ስልክ የዘጋችበት፤
ከኋላ፣ ከዳር እስከ ዳር የተሰነጠቀው፣
"የኛ ፀሐይ።"

በማግስቱ ሽታሁን እጁን እዚያው ሲረሳ
"እጅዎን ረስተዋል" አልኩት። አነሣ።
ይኸው ነው የሆነው። ሰማይ አልተናደም፤
ጥርሴም በዚያ ሌሊት ማፋጨት አልተወም።

አዲስ አሠራሁ። አሮጌውን ልጥል ስል
አቶ ዩያ ለመኑኝ፤
ከመስኮታቸው ደፍ፣ ከአንድ የዛገ ብረት ጎን አኖሩት።
"ሸራ አለቀ ተብሎ አይጣልም፣" አሉ፤
"ስንት ቁልቁለት ይዞ ነው ያለቀው።"