ውል

ቡሬ ጤና ጣቢያ፣ ካርድ ክፍል ነው እንጀራዬ፤
ሃያ ሁለት ዓመት ስም ስጽፍ ጎበጠ ትከሻዬ።
«የማን ልጅ ነሽ? ምንሽን ነው?» እላለሁ ከመስኮቴ፤
ሰልፉ ጆሮውን ሲያቆም አይታየኝም ጥፋቴ።

ከዘይት ፋብሪካው ሰዎች መጡ የዛሬ ሦስት ዓመት፣
ባለ ክራቫት፣ ባለ ሜትር፣ ባለ ብዙ ወረቀት።
ከጓሮ፣ ከዕቃ ግምጃ ቤቱ ጎን፣ ዶሮ ከሚጭርበት
አንድ ክፍል ለኩ፤ በር ቀደዱለት በስተጀርባ፣
ከእኔ መስኮት በማይታይበት።

ቀለሙ ሳይደርቅ ሰሌዳው ተሰቀለ፣
ከበሩ ሰፍቶ ከጣራው ተስተካከለ፤
«አጋርነት ለወጣቶች ጤና» ይላል፤
ከሥሩ የሱፍ አበባ ተስሏል።
ሪባን ተቆረጠ። ለስላሳ ተጠጣ። ፎቶ ተነሣን።
እኔ ከኋላ ቆሜ ለጽዳቷ ለጥሩዓለም፣
«ክፍሉ ለሰሌዳው ማቆሚያ ነው» አልኳት፣ «ሌላ አይደለም።»
ሳቀች። ሳቅሁ።
ጭሱ ማታ ማታ ወርዶ በሰጣነው በርበሬ ላይ ሲያድር፣
በአንድ እጁ እያፈነ በአንድ እጁ ሽሮፕ የሚቀዳ ወዳጅ
ከዚያ በፊት አላውቅም ነበር።

ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ፣ ቅዳሜም ሙሉ ቀን ይከፈታል፤
ነርስ ይታይሽ ስም አትጠይቅም፤ ቁጥር ብቻ ይበቃል።
መጀመሪያ ማንም አልመጣ፤ ብቻዋን ሹራብ ስትሠራ፣
በሦስተኛው ሳምንት እንየው መጣ፤ ጆንያ ተሸካሚው፣ የሌሊት ተራ፣
እዚያው ፋብሪካ። ስድስት ሳምንት ሳሉን ካለቃው የደበቀው፣
«ታመምኩ ካልኩ ቦታዬ ይሄዳል» የሚል ፍርሃት የጠበቀው።
አክታውን ሰጠ። መድኃኒት ጀመረ። ይታይሽ ስልክ ደወለች፤
«ውላችሁ ላይ ወጣት ይላል፤ የእናንተስ ወጣት የማን ነው?» አለች።
ከዚያ ወዲህ ጭንብል ገባ፤ የመጋዘኑ መስኮት ተከፈተ፤
ጭሱ ግን አለ፣ ልዋሽ አልችልም፣ በርበሬያችን ላይ እንደተጎለተ።

ቀጥሎ ሴቶቹ፤ በወር አራት ቀን «ራሴን» ብለው የሚቀሩት፣
ቁራጭ ጨርቅ ባሕር ዛፍ ሥር ቀብረው ለእናት እንኳ የማያወሩት።
ሳሙና፣ ውሃ፣ ንጹሕ ጨርቅ፣ የደም ማነስ ክኒን በብልቃጥ፤
ደግሞም አንዲት ሴት፣ ተቀምጣ የምታደምጥ።

ባለፈው ግንቦት፣ ቅዳሜ ቀን፣ ጃንጥላ ረስቼ ተመለስኩ፤
በጓሮ ሳልፍ ከደፉ ላይ ጫማ አየሁ፤ ቆምኩ።
ሰማያዊ የላስቲክ ጫማ፣ የግራው ማሰሪያ በሽቦ የተጠገነ፤
ጠምዝዤ ያሰርኩት እኔ ነኝ፤ የወጋኝ ጣቴ ገና አልዳነ።

ልጄ ናት። የዝና። አሥራ ስድስት ዓመቷ።
ምን አመማት? ለምን ለእኔ አልነገረችም? ለእናቷ?
እጄ በሩን ሊያንኳኳ ተነሣ፤
ሃያ ሁለት ዓመት ሰው የጠየቀ አፌ ያን ዕለት ቃል ረሳ።
ድምጿን ሰማሁ፤ ቃሉ አይለይም፤ እንደ ምንጭ ዝቅ ብሎ ይፈስሳል፤
ቤት ያጣሁት ድምፅ ነው፤ እኛ ዘንድ ሲደርስ ይደርቃል።
ጃንጥላዬን ሳልይዝ ሄድኩ። ዝናቡ መታኝ እስከ ደጄ።
ራት ላይ ምንም አላልኳት፤
ትልቁን ቁራሽ ብቻ አስጠጋሁላት በእጄ።

አሁን ሰኔ ነው። ውሉ ያበቃል በሠላሳ።
ሰዎቹ መጥተው፣ «ስንት ወጣት? በአኃዝ፣ አንድ ወር ሳይረሳ!»
ሺህ አራት መቶ አሥራ ሁለት ብዬ ጻፍኩ፤ ይበቃቸዋል።
ያ ጫማ ግን፣ ባለ ሽቦው፣ በየትኛው ዓምድ ይገባል?

በእኛ አገር ውል ሁለት ነው፤
አንዱ በማኅተም ይታሠራል፣ ቀኑ ሲደርስ ይፈታል፤
አንዱ ማኅተም አያውቅም፤ የወደዱት ሲርቅ፣
በሌሊት፣ ውል ውል ይላል።

ሰሌዳው ዛሬም ያስቀኛል፤ ሰፊ ነው ከበሩ።
እኔ ግን ከሪፖርቱ ግርጌ፣ «አስተያየት» ከሚለው መስመሩ፣
«በሩን አትዝጉት» አልኩ፣ ስሜን ከነአባቴ ጽፌ፤
ማን ልጅ፣ ምን ታመመ፣ ለምን፤
አንዲት ቃል አልወጣ ካፌ።