ልዩ ልዩ ጽሑፎች እንጽፋለን

ቱሉ ዲምቱን አልፎ፣ አስፋልቱ ሲያበቃ፣
ረዳቱ «ወራጅ!» ሲል፣ አቧራው ሲነቃ፣
ከወረዳው ቢሮ፣ ከቆርቆሮው ሥር፣
አንድ ጠረጴዛ አለኝ፣ ባጭር እግሩ ጠጠር፤
አንድ ዣንጥላ አለኝ፣ የባንክ ማስታወቂያ፣
ፀሐይ የላጠችው፣ የካፊያ መከለያ፤
ካርቶን ላይ ጽሑፍ አለ፣ የገዛ ራሴ እጄ፦
«ልዩ ልዩ ጽሑፎች እንጽፋለን» ይላል፤
«እን» ያልኩት ብቻዬን፣ ብዙ መምሰል ወድጄ።

አራት ዓመት ሙሉ ጽሕፈት ተምሬያለሁ።
ዲግሪዬ ከፍራሽ ሥር፣ በፌስታል ተጠቅልሎ፤
ብሎክ ሰማንያ ሁለት፣ ሊፍት በሌለው ፎቅ
ውኃ በጄሪካን ይዤ እወጣለሁ።

የምድብ ወረቀቴ የመጣ ለት አባቴ፣
በአቃቂ ፋብሪካ ሠላሳ አንድ ዓመት ክር ሲቀጥል የኖረ፣
መነጽሩን ፈልጎ፣ ፊትና ጀርባውን መረመረ።
«ጽሕፈት?» አለ ዝቅ ብሎ፣ «ጽሕፈትማ ልጄ፣
አራተኛ ክፍል ላይ ጨርሰሽው የለም ወይ?
ሀ ሁን እንደገና ሊያስቆጥሩሽ ነው ወይ?»

መምህር ይኩኖ ቀይ ብዕር ነበረው፤
«ውብ» ያልኩትን፣ «ድንቅ» ያልኩትን፣ «አሳዛኝ» ያልኩትን ሰረዘው።
«ቅጽል ብድር ነው» ይል ነበር፣ «የማትከፍይውን አትውሰጂ፤
ሰውዬው ያደረገውን ጻፊ፤ ከዚያ ጥለሽው ሂጂ።»

የባቾቼ ነገር? ውድነሽ የምግብ ዘይት ታስተዋውቃለች፤
በሠላሳ ሰከንድ ውስጥ አራት ጊዜ ትስቃለች።
ቶሎሳ ሕዝብ ግንኙነት ነው፤ «ከላይ በተጠቀሰው መሠረት» ሳይል
ምሳ እንኳ አያዝም ይሉታል።
ስንቅነህ ተከታታይ ድራማ ይጽፋል፤
ያንኑ ወንድና ያችኑ ሴት ሦስት ዓመት ሙሉ ያጋባል፣ ያፋታል፣
ስፖንሰር ከተገኘ ደግሞ ያስታርቃል።
ወልዱ ልብ ወለድ ጀምሮ ራይድ ይነዳል፤
ዘጠነኛው ምዕራፍ የነዳጅ ሰልፍ ላይ ይቀጥላል።
ሐያት የመድኃኒት ወረቀት ትተረጉማለች፦
ስንት ማንኪያ፣ በስንት ሰዓት፣ ለስንት ቀን።
ከሁላችንም በላይ የምትነበብ እሷ ነች።

እኔ ማመልከቻ። እኔ ሲቪ። እኔ «ጉዳዩ፦» ብዬ ማስመር።
አንዳንድ ሌሊት ደግሞ በር ይንኳኳል፤ የዕድሩ ጸሐፊ፦
«ነገ ስድስት ሰዓት ቀብር አለ። አንድ ገጽ። አደራ፣ ሳይረዝም ጻፊ።»

ባለፈው ጋሽ እንዳሻው ነበር፣ የብሎካችን ዘበኛ።
እትዬ ዝማም ፍራሹ ላይ ተቀምጣ
«ደግ ነበር» አለችኝ። «ሰው ወዳድ። ታጋሽ።»
ቀዩ ብዕር ትዝ አለኝ።
«ማታ ማታስ» አልኳት፣ «እጁ ምን ይሠራ ነበር?»
ዝም አለች። የነጠላዋን ጫፍ አጠፈች፣ ፈታች።
«ምስማር» አለች፣ «ከግንባታ የወደቀ ምስማር ለቅሞ
ድንጋይ ላይ ያቃናል። በወተት ጣሳ ያኖራል።
‹ለማን ነው?› ስለው፣ ‹ለሚያስፈልገው› ይለኛል።»
ጻፍኩት። እንዳለችው። ምንም አልጨመርኩም።

በማግስቱ ቀብር ላይ ነፋሱ የድምፅ ማጉያውን ቃል እየነጠቀ፣
«ከአባታቸው፣ ከእናታቸው» ታልፎ፣ ምስማሩ ጋ ሲደረስ፣
አናጢው ገመቹ ሳቀ፤
ከዚያ ፊቱን በጋቢው ሸፍኖ ተንሰቀሰቀ።

ስንመለስ አባቴ ጭቃውን በከዘራው እየሞከረ
ማዞሪያው ድረስ አልተናገረም። እዚያ ቆመ።
«የኔ ጊዜ ሲደርስ» አለ፣ «ፋብሪካው አመሰገነው ምናምን፣ ተዪው።
ክር ሲበጠስ ማሽን ሳላቆም እቀጥል ነበር።
እሱን ጻፊው።»

መልስ አጣሁ። ጠረጴዛዬ ጋ ሦስት ሰው ይጠብቃል።
የፊተኛዋ ሴት ደረሰኝ ዘረጋች፦
«የስምንት ወር ውኃ ክፈይ ይሉኛል፤
ቧንቧው እኮ አየር ነው የሚተፋው!»
«ጉዳዩ፦» ብዬ አሰመርኩ።
አየር ነው የሚተፋው።