የጀልባ እግር

ቬይኮ ብሎኑን ሲፈታ፣ ጣሳውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ፤
ጥቁር ዘይት ስጠብቅ፣ ወተት ሲወርድ አየሁ።
ላስቲኩ ተቀዶ ነው፤ ባሕሩ ሾልኮ ገብቷል፣
የማርሹን ጥርስ በልቶ፣ ኩሽኔታው ውስጥ ከርሟል።

ሚያዝያ ነው በኩስታቪ፤ በረዶው ሸሽቷል ከወደቡ፤
የጎረቤት ጀልባዎች ተራ በተራ ውሃ ሲገቡ፣
የእሱ ብቻ ግንድ ላይ፣ እግሯ ተነቅሎ፣ ቀረች፤
ዐርባ አምስት ዓመት የሠራች፣ ከልጁ ቀድማ የመጣች።

ቱርኩ ከተማ ሄዶ የአዲስ እግር ዋጋ ጠየቀ፤
ሻጩ ወረቀት ላይ ጽፎ፣ ገልብጦ ሰጠውና ራቀ።
ስድስት ሺህ ዩሮ!
ጀልባዋ ብትሸጥ ከነሞተሯ፣ ከነመልሕቋ፣
ሁለት ሺህ አትሞላም፣ ተጨምሮ ከነሰንደቋ።
ፈረስ ሸጦ ኮርቻ መግዛት ማለት ይሄ አይደል?

ሚስቱ አውኔ ግን ‹ሽጣት› አላለች፤ የቆርቆሮ ሣጥን ከፈተች፤
‹አራት መቶ አለ፤ ካለፈ የጣሪያው ነው› ብላ ዘጋች።

ሰው ለሰው ሲጠያየቅ፣ ወሬው በመርከብ ሲሻገር፣
ኢንዮ ደሴት ላይ ተገኘ፣ ከአንድ ጀልባ ቤት በስተሥር።
የባልቴቷ የጉንቦሪ ነው።
ጀልባውን እሳት በልቶት፣ ባሏ ሄልጌም ሲያንቀላፋ ላይነሣ፣
እግሩ ብቻ ተርፎ ነበር፤ በግራሶና በሸራ ተገንዞ እንደ ሬሳ።

እሷ ስዊድንኛ፣ እሱ ፊንላንድኛ፤ አንዱ ያንዱን አይሰማም፤
ሦስት ጣት አነሣች፤ ሦስት መቶ፤ እሱም አላቅማማም።
ግን ጎንበስ ብሎ ከሰሌዳው ቀለሙን ሲፍቅ በጥፍሩ፣
ብሎኑ ይገጥማል፣ ቀዳዳው ይገጥማል፤ ሌላ ነው የማርሹ ቁጥሩ።
የድሮው፣ ሞተሩ አንድ ተኩል ሲዞር፣ ፕሮፔለሩን ያዞራል አንዴ፤
ይሄኛው ከሁለት በላይ ይጠይቃል፤ ደሞ ይሄም ጌታ ሆነ እንዴ?
የቀድሞውን ቅጠል ቢያስርበት፣ ሞተሩ በከንቱ ሊያገሳ፤
አዲስ ቢገዛ ሁለት መቶ ሊጨመር፣ የጣሪያው ሣጥን ሊነሣ።

በእጁ አየር ላይ ሣለላት፤ ሦስት ቅጠል፣ ሰፋፊ፣ ጠማማ።
‹አሃ› አለችና ምድር ቤት ወረደች፤ የእንጨት ጫማዋ ተሰማ።
የሄልጌ ፕሮፔለር እዚያ ነበር፣ ከጨው ዓሣው በርሜል አናት፤
አራት ዓመት ክዳን ሲጫን፣ መዞር ረስቶ፣ ክብደት ብቻ ቀርቶለት።

ቦርሳውን ሊመዝ ሲል፣ እጁን ያዘችው፤ ወደ በርሜሉ ጠቆመች፤
ከዚያ ወደ ባሕሩ ዳር፤ ‹ስቴን› አለች፤ ደግማ ‹ስቴን› አለች።
ድንጋይ።
ለእግሩ ሩብ ሰዓት ያልፈጀ ሰው፣ ለድንጋዩ እስኪመሽ ለፋ፤
አንዱ ይሾላል፣ አንዱ ይቀላል፣ አንዱ ከጨው ጋር ሊጠፋ።
በመጨረሻ ቀይ፣ ክብ፣ ማዕበል ያለሰለሰው አገኘ፤
ራሱ ደጋግሞ አነሣው፣ ለአሮጊት ክንድ እንዲመች መዘነ።
ውሃ ቀድቶ አጠበው። በርሜሉ ላይ አኖረላት።

ከዚያ ወዲያ ሥራ ነው፤ ክሪክ ከእኔ፣ ኪያቤ ከአማቹ።
አዲስ የተገዛው ላስቲክና ጓርኒሲዮን ብቻ፤ ሰባ አራት ዩሮ ለሁለቱ።
‹ላስቲክ ላይ የሚሰስት ባሕር ይጋብዛል› እያለ አጠበቀው፤
ሃያ ስድስት ዩሮ ቀርቶ ነበር፤ ሣጥኑ ውስጥ ቆጥሮ መለሰው።

ጀልባዋ አሁን ትሄዳለች።
እንደ ድሮው አትበርም፤ የሄልጌ እግር ለሸክም ነው እንጂ ለሩጫ አልተሠራም፤
ልጆች በሞተር ሲያልፉን እጅ ያወዛውዛሉ፣ ቬይኮ ግን አይናደድም።
‹እንቁላልም ቀስ በቀስ ነው፣ በእግሩ የሚሄድ› ብዬ ብነግረው፣
ተርጉምልኝ አለ፤ ብተረጉም፣ ‹የማን እንቁላል ነው?› ብሎ ጠየቀኝ።

አውኔ ደግሞ ነፋስ ከኋላ ሲመጣ አፍንጫዋን ትይዛለች፤
ጨው ዓሣ ይሸታል ትላለች።
ውሸቷን ነው። ስድስት ጊዜ አጥበነዋል።