የግራ እግር

ቫርላም ቀኝ ጆሮው ከሞተ ዘጠኝ ክረምት ሆነው፤
መኪና የሚሰማው በመንጋጋው ነው።
የመጥረጊያ እንጨት ቆርጦ አንዱን ጫፍ ጥርሱ ላይ፣
ሌላውን ጫፍ ደግሞ ካምቢዮው ገላ ላይ፣
ዓይኑን ይከድንና ዝም ይላል፤
መብራት የያዝኩበት እጄ ይዝላል።

ያን ጠዋት ሪዮኒ ወንዝ ደፍርሶ፣ ዝናብ ሲያካፋ፣
የናቴላ ሚኒባስ ከበራችን ቆመች፣ ጭቃ ለብሳ፣ ጢስ ስትተፋ።
«ድምፅ አላት» አለች። «ምን ዓይነት?» ቢላት፣
ከሷ ቀድመው መንገደኞቹ መለሱላት።
አይብ ሻጯ ኤተሪ፦ «ሽማግሌ በእንቅልፉ ጥርሱን ሲያፋጭ።»
መምህር ባድሪ፦ «ኧረ ፌንጣ ነው! እኔ ነኝ ጎማው ላይ የምቀመጥ።»
አንድ ወታደር፦ «ጣሳ ውስጥ ሳንቲም።»
ከኋላ አንዲት ልጅ፦ «ዳክዬ!»
«ድምፁ ይቅርና ጉልበትም የላት» አለ አንዱ ሻንጣውን ታቅፎ፣
«ዳገቱን በጸሎት ነው የወጣነው።»

ቫርላም ሳቀ።
«ፍሪሲዮን የባልና ሚስት ጠብ ነው» ይለኛል ሁልጊዜ፤
«መቼ እንደተጮኸ ካልጠየቅህ፣
ማን እንደጮኸ አታውቅም።»

«ርገጪ» አላት። ረገጠች። ከሆዷ ፉጨት ወጣ።
«ልቀቂ» አላት። ፉጨቱ ሄደ፣ እንዳመጣጡ።
ወደ እኔ ዞረ። እንደ ዳዊት በቃሌ ያስጠናኝን ወረድኩት፦

«ስትረግጥ የሚጮኽ፣ ስትለቅ የሚተኛ፣
ኩሽኔታው ነው እሱ፣ የፔዳል ጓደኛ።
ስትለቅ የሚጮኽ፣ ስትረግጥ ዝም ካለ፣
ነገሩ ከካምቢዮው ጓዳ ነው የዋለ።
ስትነሳ ተንቀጥቅጦ መሀል ላይ ከሳለ፣
ከዲስኩ ሞላዎች አንዱ ተነቅሏል።»
(የመጨረሻው ቤት አይመታም። እሱም ያውቃል።)

ካምቢዮውን አወረድን፤ ክብደቱን ደረቴ ያውቀዋል።
አሮጌው ኩሽኔታ ወጣ፣ ግራሶው እንዳረረ ስኳር ደርቆ፣
በጣቴ ሳዞረው አሸዋ ያኝካል።
አዲሱ ከኩታይሲ እስኪመጣ ቀኑ መሸ፤
መንገደኞቹ በሌላ መኪና ሄዱ፤
ኤተሪ በጋዜጣ የተጠቀለለ አይብ ትታልን ሄደች።

ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ገጠምነው።
ርገጪ። ዝም።
ልቀቂ። ዝም።
እኔ እጄን መጥረግ ጀመርኩ።
«አለ» አለች ናቴላ። «አልሄደም። እየሰማሁት ነው።»
ቫርላም እንጨቱን ነከሰ። ካምቢዮው ሰላም ነው። ዲስኩም።
«ሞተሩን አጥፊው።»
አጠፋችው። ዝናቡም አባርቶ ነበር።
«ርገጪ።»

ቀጭ።

ደረቅ፣ አጭር። የፔዳሉን ማጠፊያ ግራሶ ቀባሁት።
ቀጭ።
የመመለሻውን ሞላ ፈትቼ አጠብኩት፣ መልሼ ሰቀልኩት።
ቀጭ።

ያኔ ቫርላም እንጨቱን ከብረቱ አነሳ፤
«ይቅርታ» ብሎ በቀስታ አስደገፈው
በቀሚሷ ላይ፣ ከግራ ጉልበቷ።
«ርገጪ።»
መንጋጋው ሰማ። ዓይኑን ሳይገልጥ ቆየ፤
ለአንድ ኩሽኔታ ከሚቆየው በላይ ቆየ።

«ስንት ዓመትሽ ነው እዚህ መንገድ ላይ?»
«ሃያ ሦስት።»
«በቀን ስንቴ ትረግጫለሽ?»
«የናኬራላን ጠመዝማዛ ማን ቆጥሮት!»
«መኪናሽ ደህና ናት» አላት። «የሚጮኸው ጉልበትሽ ነው።»

ሳቀች። ከዚያ ሳቋን የሆነ ቦታ ላይ ተወችው፤
እጇን ጉልበቷ ላይ አደረገች፣
ሰው ልጁ ትኩሳት እንዳለው ሲያይ እንደሚያደርገው።
ቦርሳዋን ከፍታ የዕቃውን ቆጠረች።
«የጉልበትስ?» አለችው።
ቫርላም እንጨቱን በጨርቅ እየወለወለ፦
«እሱን ከፍለሽዋል።»

ወጣች። በሩ ላይ ቆሜ ማርሿን አዳመጥኩ፤
አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ድልድዩ ጋ ቀነሰች፣ እንደገና ሁለተኛ።
ሚኒባሷ ምንም ድምፅ አልነበራትም።
እኔ ግን እቆጥር ነበር።
አሥራ አራተኛው ላይ ኮረብታው ጋረዳት።