ከውስጥ የሚከፈት

ነሐሴ ነው፣ ኡም አል ቁወይን፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፤
ባሕሩ አጠገባችን ተኝቶ ትንፋሽ የነሣን ዕለት፣
አየሩ የሚታኘክበት፣ ጥላ ግድግዳ የሚለጠፍበት።
መፍቻዬን ይዤ በጓሮ በር ወደ መጠጥ መደብሩ እገባለሁ፤
የፊቱ በር ለጠማው ነው፣ እኔ ለብርዱ እመጣለሁ።

ሻጂ ከባንኮኒው ይስቃል፦ «ኧረ ቃሲም! አራት ዓመት ስትመላለስ
አንዲት ቢራ ሳትከፍት፣ አንዲት ጠብታ ሳትቀምስ!»
አልቀምስም። የከሚሴ ልጅ ነኝ፣ ያደግኩት ከመስጊድ ፊት ለፊት።
ግን ጠጪው የማያውቀውን ይህ ሥራ አሳውቆኛል፦
ቢራ በስንት ዲግሪ እንደሚያኮርፍ፣
ወይን ሲሞቀው ቡሹን እንዴት ቀስ አድርጎ እንደሚገፋ፣
ጣሳ ብርድ ሲበዛበት ሆዱ እንዴት እንደሚነፋ።
ለማልጠጣው መጠጥ ነው ጥርሴ የሚንገጫገጨው።

መጀመሪያ ጣሪያው። ኮንዴንሰሩ አሸዋ ጠግቦ፣
በክንፎቹ መሃል ጨውና ላባ ሰብስቦ፣
እንደ አስም በሽተኛ ያቃስታል።
በብሩሽ፣ በውሃ፣ ከላይ ወደ ታች አጠብኩት።
ከማራገቢያው ሥር የእርግብ ጎጆ ነበር፤
ሣር ከየት ይምጣ፣ ከሽቦና ከፕላስቲክ ማሰሪያ የተሠራ።
ሁለት እንቁላል።
በሁለት እጄ አንሥቼ ወደ ውሃ ታንከሩ ጥላ አዛወርኩት።
እናትየው ታገኘው አታገኘው፣ እንጃ።
አድራሻ አልተውኩላት።

ከዚያ ወደ ውስጥ። ከአርባ ስድስት ወደ ሁለት ዲግሪ፣ በአንድ እርምጃ፤
ላቤ ጀርባዬ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ።
ኢቫፖሬተሩ በረዶ ለብሷል።
እኛ አገር በረዶ ማሽላ ያስተኛል፣ እዚህ ቴክኒሻን ያስጠራል።
መውረጃ ቱቦውን በሽቦ ጎረጎርኩ፤
የራሰ የጠርሙስ ወረቀት ወጣ፣ ግማሽ ወርቃማ ፊደል ያለበት፤
ውሃው አንዴ አገሣና መንገዱን አገኘ።

ላስቲኩን በገንዘብ እፈትናለሁ፤
አንድ ጡረታ የወጣ ግብፃዊ ነው ያስተማረኝ።
አሥር ድርሃም በጠርዙ አስገብቶ በሩን መዝጋት፣ ከዚያ መሳብ።
ኖቷ ከታገለች፣ ላስቲኩ ጤነኛ ነው።
በላይ ያዘች። በግራ ያዘች።
ከታች፣ ማጠፊያው አጠገብ፣
እንደ ደመወዝ ሾልካ ወጣች።

የመጨረሻው ፍተሻ፦
በሩን በራስ ላይ ዘግቶ የውስጡን እጀታ መግፋት።
ገፋሁ።
እጀታው ዞረ፤ የበሩ ምላስ ግን አልተነቃነቀም።
ደግሜ ገፋሁ።
ስልኬ በዚያ ወፍራም ግድግዳ ውስጥ ድንጋይ ነው።
በመፍቻ ደበደብኩ፤ ሻጂ ገንዘብ እየቆጠረ ነበር።
አሥራ አንድ ደቂቃ።
መጀመሪያ ተናደድኩ፣ ከዚያ ካርቶን ቆጠርኩ፣
ከዚያ የማታው ልጅ ትዝ አለኝ፤
ቢኖድ፣ ኔፓላዊው፣ መደብሩ ከተዘጋ በኋላ
ብቻውን ገብቶ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሣጥን የሚደረድረው።
በሸሚዝ።

ሻጂ ከፈተልኝ፤ ሳቀ፤ ፊቴን አይቶ ተወ።
ባለቤቱ በስልክ፦ «እጀታው በሚቀጥለው ወር። አሁን ፈርም።
ዋናው ቢራው አይሙቅ እንጂ።»

ቅጹ ላይ ጻፍኩ፦ ሙቀት፣ ሁለት። ማራገቢያ፣ ደኅና። ላስቲክ፣ ይቀየር።
«የውስጥ እጀታ» የሚለው ጋ ስደርስ እስክሪብቶዬ ቆመ።
አልፈረምኩም።
ተመልሼ አራቱን ብሎን ፈታሁ፣
የበሩን ምላስ ነቅዬ ኪሴ ከተትኩ።
ከዛሬ ማታ ጀምሮ በሩን የሚይዘው ላስቲኩ ብቻ ነው፤
እሱም፣ እንዳልኩት፣ ከታች ያንቀላፋል።
ትንሽ ይሙቅ ቢራው።

ወደ አጅማን ስመለስ መነጽሬ እስኪጠራ ብዙ ቆየ፤
ብረቱ ጭኔ ላይ
እስከ ሁለተኛው አደባባይ ድረስ በረዶ ነበር።