ከጣሪያው በታች ሦስት

ከቀፊራ ጀርባ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣
ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ ጥላ እንኳ ሲያርር፣
የዋርሰሜ ሱቅ ናት፤ አሮጌ ቬንትሌተር
አቧራውን ብቻ ያዞራል በአየር።

ሰውዬው ድሮ ነው ባቡር ፋብሪካ የሠራ፣
በፈረንሳይ ቃላት ብሎን እየጠራ፤
ዛሬ በአንዲት ሣጥን ቁጥር ይመነዝራል፣
የተኛውን አሃዝ ቀስቅሶ ያናግራል።

እኔ ያመጣሁት የሰቢያን ሰርግ ነው፣
አክስቴ ኑሪያ ያዜመችበት ነው።
ዝቅ ስትል ድምጿ እንደ ወትሮው ይፈሳል፤
ከፍ ስትል ግን እንደ ጆንያ ይቀደዳል።

«ቀዩ መብራት» አልኩት፣ «አንዴም አልበራም፤
ቁጥሮቹን አየሁ፣ አንዱ ጣሪያ አልነካም።
ታዲያ ምን ቀደደው?»
                    ዝም አለኝ ዋርሰሜ።
ዝምታው ረዘመ፣ እስኪደክመኝ መቆሜ።

ኦሲሎስኮፑን በጥፊ ቀሰቀሰው፤
አረንጓዴው መስመር ተነሣ እንደ ሰው፤
ተራራ፣ ሸለቆ፣ ተራራ፣ ሸለቆ፣
ጫፉ ግን ለጥ ያለ፣ በምላጭ ተፍቆ።

«አቦ፣ ቁጥር» አለኝ፣ «ቁጥርስ አይዋሽም።
ያልጠየቁትን ግን ቁጥር አይመልስም።

ደቻቱ ድልድይ ሥር የቀለም መስመር ነበረ።
ዘበኛው ሮብሌ ማታ ይወርዳል፣ ይለካል፣ ይጽፋል፤
ሲነጋ ይወርዳል፣ ይለካል፣ ይጽፋል።
ያን ዕለትም ማታ፦ ከመስመሩ በታች። ጻፈ።
ሲነጋም፦ ከመስመሩ በታች። ጻፈ።
ሁለቱም ቁጥር እውነት ነው። ደብተሩ ንጹሕ ነው።
በሁለቱ መካከል፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣
ደንገጎ ላይ የዘነበው ወረደ።
አጥር ይዞ ሄደ። በር ይዞ ሄደ።
የእኔን...»
           አልጨረሰውም።
የብየዳ ብረቱን ከማረፊያው አነሣ፣
አየው፣ መልሶ አኖረው።

«እዚህ አንድ ነጥብ፣ እዚያ አንድ ነጥብ፣
ሁለቱም ከጣሪያው ሥር፣ ሁለቱም ጨዋ።
ሣጥኒቱ ግን ከነጥቦቹ መስመር ትሠራለች፤
መስመሩም በመካከል ይጎብጣል፣ ሽቅብ ያልፋል፣
ማንም ያልጻፈው ጫፍ ጣሪያውን ይመታል።
ባይመታም እንኳ፣ ልክ እስከ አፏ ስትሞላ፣
ጉልበቷ ይብረከረካል፣ ድምፁም ይበላሻል በኋላ።
የለገሃር ተሸካሚ ኩንታል ሲጫንበት
ይደርሳል፣ መቼ ቀረ፤
እየዘፈነ ግን አይደርስም።»

ጣቱ ወረደ። አንድ። ሁለት። ሦስት ዴሲቤል።
የተራራው አናት እንደ ጣት ሾለ።
ኑሪያ ወጣች፣ ወጣች፣ ያቺኑ ቦታ ረገጠች፣
ጆንያው አልተቀደደም፤ ተነፈሰች፣ ወረደች።

እኔ ደስ ብሎኝ፣ «እንግዲያው አሥር ይሁን!
ሃያ አውርደው፣ ከአደጋው ጭራሽ እንዲርቅልን።»
ሳይከራከረኝ አወረደው፤ ማጉያውን ከፍ አደረገው፤
ሽሽሽ... የሚል ነገር ኑሪያን ከሥር አለበሳት።
«ይሄ ደግሞ አሸዋው ነው» አለኝ።
«ከጎርፉ ስትሸሺ አሸዋ ውስጥ ትቀበሪያለሽ።»

ሦስት ላይ መለሳት። ፍላሹን ነቀለው።
«ወንድምሽ ‹አነሰ› ካለ፣ ማጉያው ያለው
ስፒከሩ ላይ ነው፤ እዚያ ይጨምረው።»
ብሬን ሲቆጥር ግን ፊቱ እንደ ቀድሞው ነው።

በደቻቱ አሸዋ ተሻገርኩ ወደ ቤት፣
ልጆች በጨርቅ ኳስ በሚጫወቱበት።
ስፋቱን አየሁት። ለማን ነው ይህ ሁሉ?
ፍየል፣ ድንጋይ፣ ጎማ፤ ባዶ ነው መሐሉ።

ደንገጎ ጫፍ ላይ ግን ደመና ጠቁሯል፤
ፍላሹ በጡጫዬ በላብ ረጥቧል።
ነሐሴ ነው።
          ፈጠን አልኩ።